«ይሄን ጌም አልገዛህም» ላለኝ ላፕቶፕ ሒርማታ ያገኘሁት መፍትሄ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት ጠባብ የላፕቶፕ ጥገና ቤት ነው፣ እዚሁ ጅማ ሒርማታ መርካቶ ያለች። ስሟን እንዳትጠይቁኝ፣ በሯ ላይ ስም የሚባል ነገር የለም፣ «ፎቶ ኮፒ ፕሪንት ላፕቶፕ ጥገና» የሚል ባነር ብቻ ነው የተሰቀለው እሱንም ፀሐይና ዝናብ ተራ በተራ ግማሹን በልተውታል። ከፊቷ ሰልባጅ የሚሸጡ ልጆች ላስቲክ ዘርግተው ስለሚቀመጡ ካላወቃችኋት ታልፏታላችሁ፣ እኔ ራሴ ሁለቴ አልፌያት ሦስተኛው ላይ ነው ያገኘኋት። ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ ሦስት ሳምንት ያንከራተተኝን ነገር በአንድ ከሰዓት ጨርሰውልኛል፣ 400 ብር ከፈልኩ፣ ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻቸዋለሁ፣ አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። ያልቸኮለ ደሞ ቡናውን ይዞ ይቀመጥ፣ ረጅም ነው።

የአጎቴ ልጅ ዱባይ ነው የሚሰራው። ቅናሽ በነበረ ሰሞን ከአንድ የኢንተርኔት የጌም ሱቅ ኦንላይን የሚጫወቱት ጌም በስጦታ ገዝቶ ላከልኝ፣ 20 ዶላር። እዚህ ሆኖ ራስህ ልግዛ ብትል እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ ተራው የኤቲኤም ካርዳችን እዛ አይሰራም፣ ቢሰራም ደሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ መቶን ጥሶ ካለፈ በኋላ 20 ዶላር ስትባል መጀመሪያ የሚመጣልህ ጌም ሳይሆን ጤፍ ነው። ብቻ እኔና እሱ ሂሳቡን በቡና ተወራረድን፣ እናቴ 3 ኪሎ ቆልታ ፈጭታ ወደዛ በሚሄድ ሰው ላክንለት፣ እሱም ከጌሙ እኔ ነኝ ያተረፍኩት ብሎ ደወለ።

ስለዚህ ጌሙ የኔ ነው። ስጦታውን ተቀበል ሲለኝ ተቀበልኩ፣ ላይብረሪዬ ውስጥ ገባ፣ የሱቁ ፕሮግራም ላይ ጌሞቼ የሚቀመጡበት ማለት ነው፣ ስሙም ስዕሉም ቁጭ ብሎ ይታያል። 60 ጊጋ አካባቢ ስለሆነ ለማውረድ አራት ሌሊት ፈጀብኝ፣ ሌሊት ኔት ሲሻል እያወረድኩ፣ መብራት እየጠፋ እየመጣ፣ እናቴ «ይሄ ልጅ አይኑ ሊጠፋ ነው» እያለች። በአምስተኛው ቀን ከፈትኩት፣ የድርጅቱ አርማ መጣ፣ ሙዚቃው ጀመረ፣ እጄን አፍተለተልኩ፣ ከዛ ጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ ጽሑፍ ይሄ አካውንት የዚህ ጌም ባለቤት አይደለም የሚል መጣ። ከስሩ ሁለት በተን አለ፣ አንዱ «ግዛ» አንዱ «ውጣ»። «ግዛ» የሚለውን ሳይ በቃ ደሜ ነው የፈላው። የወር ኪራይህን ከፍለህ ማታ ስትገባ አከራይህ በር ላይ ቆማ «ማን ልበል?» ስትልህ አስቡት።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፣ ዘግቼ ከፈትኩ፣ ላፕቶፑን ሪስታርት አደረግኩ፣ ወጥቼ በአካውንቴ እንደገና ገባሁ። ያው ነው። ዩቲዩብ ላይ ያገኘሁትንም ሞከርኩ፣ ሰውየው በሂንዲ እየተናገረ እኔ እጁን እያየሁ። ያው ነው።

ለጌሙ ድርጅት ሰፖርት፣ ማለት ለደንበኛ እርዳታ ክፍሉ፣ ጻፍኩ። መጀመሪያ የሚመልስልህ ሮቦት ነው፣ ስለተቸገርክ እናዝናለን ይልና ያደረግከውን ሁሉ እንደገና አድርግ ይልሃል። በሦስተኛው ቀን ሰው የሚመስል ነገር ጻፈልኝና የግዢ ማስረጃ አምጣ አለኝ። ደረሰኙ የመጣው በአጎቴ ልጅ ኢሜይል ነው፣ እሱ ደሞ የሌሊት ሺፍት ላይ ነበር፣ ሲነቃ ላከልኝ፣ ላኩላቸው፣ ስሙ ካንተ አካውንት ጋር አይገናኝም ተባልኩ። እዚች ጋ አንድ ነገር ያዙልኝ፣ በስጦታ የመጣ ጌም ከሆነ ዝም ብላችሁ የደረሰኝ ፎቶ አትላኩ፣ የትዕዛዝ ቁጥሩን ጻፉላቸው፣ በዛ ላይ ደሞ በራሳችሁ አካውንት የግዢ ታሪክ ውስጥ ስጦታው የገባበትን ቀን የሚያሳየውን ገጽ ስክሪንሾት አድርጋችሁ አያይዙ። ይቺን ቀድሜ ባውቅ አንድ ሳምንት እቆጥብ ነበር። በነገራችን ላይ የሱቁንም የጌሙንም ስም የማልጠራው ሆን ብዬ ነው፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ስታዩ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

በመሃል ቴሌግራም ላይ ጌም የሚሸጥ ልጅ አገኘሁና ነገሩን ሳስረዳው «ብሮ ለምን ትደክማለህ በ300 ብር አካውንት እሰጥሃለሁ» አለኝ። እሱ የሚሸጠው አንድ አካውንት ለስንት ሰው ነው፣ አንተ ስትገባ ሌላው ይወጣል፣ ከወር በኋላ ፓስወርዱ ይቀየራል፣ ከዛ ልጁም ብሎክ ያደርግሃል። ጓደኛዬ ላይ ደርሶ አይቻለሁ። አልፈለግኩም።

ከዛ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ልጁም እንጀራው ነው። ገና ሳይከፍተው «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው» አለኝ፣ ሁሉን አጥፍቶ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። የወረቀት ቁራጭ ሰጥቶኝ ፓስወርድ ጻፍ አለኝ፣ የላፕቶፑን ጻፍኩ፣ የአካውንቱንም አለኝ፣ ሞኝ ነኝ ጻፍኩለት፣ ወረቀቷን በፕላስተር ክዳኑ ላይ ለጠፋት። ክዳኑ ላይ! ለወጪ ለወራጁ። ሁለት ቀን አቆይቶ 500 ብር ተቀበለኝ፣ «ፎርማት አድርጌዋለሁ፣ ፋይሎችህን ግን አትርፌልሃለሁ» አለኝ፣ እኔም ፎቶዎቼ ስላልጠፉ አመስግኜው ወጣሁ። ቤት ስደርስ ያው ጥቁር ስክሪን፣ ያው «ግዛ»። ማታውኑ ፓስወርዴን ቀየርኩ፣ እሱ ብቻ ነው ከዛ ቀን የተረፈኝ ጥቅም።

ሒርማታ ያለችውን የነገረኝ ኪቶ ፉርዲሳ የሚማር የሰፈሬ ልጅ ነው፣ ቴክኖሎጂ ካምፓስ ማለቴ ነው ለማታውቁ። «እዛ አንዲት ልጅ አለች፣ ፎርማት የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም» አለኝ። ከኮቺ በባጃጅ ሄድኩ፣ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ ፌስታሉን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ቦርሳውን ጃኬት ውስጥ ደብቄ፣ ምክንያቱም የጅማ ዝናብ ቀጠሮ አይሰጥም።

ቤቷ ውስጥ አራት ሰው ከቆመ አምስተኛው ውጭ ነው። ባለቤቱ ሐጂ ናቸው፣ ፎቶ ኮፒው ላይ የሚቆሙት እሳቸው ናቸው፣ ላፕቶፑን የምትሰራው ልጅቷ ናት፣ ሃያ ሦስት ሃያ አራት ብትሆን ነው። ሐጂ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ገፋ አድርገውልኝ «አብሽር ልጄ ቁጭ በል ተራህ ይደርሳል» አሉኝ። ተራዬ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስፕሪንቱ ተማሪዎች ቤቱን ሞልተውታል፣ አንዷ ገጽ ቁጥሩ ተዛብቶባት ልታለቅስ ነው።

ሲደርሰኝ ልጅቷ ላፕቶፑን ሳትነካ ሦስት ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ በየትኛው አካውንት ነው የገባኸው፣ ጌሙን የምትከፍተው ከየት ነው፣ ሰዓት ስንት ነው። የመጀመሪያውን መለስኩ፣ ሁለተኛውን መለስኩ፣ ሦስተኛው ላይ እጄን አየሁና «ስምንት ከሩብ» አልኳት። ሳቀች። «ያንተን አይደለም የላፕቶፑን።» ከፈትነው፣ ከታች በቀኝ ጥግ 8፡15 ይላል። «ይኸው ልክ ነው እኮ» አልኩ። ማውሱን አስጠግታ አጠገቡ ያለውን ፊደል አሳየችኝ፣ ኤኤም። «ወንድሜ ከሰዓት ላይ ነን፣ ላፕቶፕህ ግን ገና ጠዋት በፈረንጅ ስምንት ሰዓት ነው እያለ ነው። 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነህ።»

ታሪኩ ከዛ መጣልኝ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ነው የምጠቀመው። ማዘርቦርዱ ላይ ደሞ ሰዓቱን የምታስቀጥል የሳንቲም ባትሪ አለች፣ ሲአር 2032 ነው የምትባለው፣ እሷም ሞታለች። ሁለቱም ሲሞቱ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ላፕቶፑ ቀንና ሰዓቱን ረስቶ ወደ ድሮ ይመለሳል። ይሄን የሚያስተካክለው ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ቀኑን በፈረንጅ አስተካክሎ ያስገባል፣ ጎበዝ ነው፣ ሰዓቱን ግን ሳሎን ግድግዳ ላይ ካለው ሰዓት እያየ። የኛ ቤት የግድግዳ ሰዓት እንደማንኛውም ቤት በሀበሻ ነው። ሁላችንም ዞር ብለን ግድግዳውን እናያለን፣ ላፕቶፑን እናያለን፣ አንድ ነው፣ ደስ ይለናል። ዊንዶውስ ደሞ ሰዓት በእጅ ልሙላ ስትለው ከኢንተርኔት ራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገውን በተን መጀመሪያ ያስጠፋሃል፣ ወንድሜ አጥፍቶት በዛው ቀርቷል።

«ታዲያ ፌስቡኩ ዩቲዩቡ እንዴት ይሰራል?» አልኳት፣ ተከራከርኩ እንግዲህ። ዌብሳይቶች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት ሰርተፍኬት ለወራት ስለሚቆይ 6 ሰዓት ብትሳሳት አይጎዳውም አለችኝ፣ ቀኑ በዓመት ቢሳሳት ግን እሱም ይዘጋብህ ነበር። መግዛትህን ለጌሙ የሚያረጋግጥለት ዲጂታል ትኬት ግን አጭር ነው፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ብቻ ነው የሚሰራው፣ ላፕቶፕህ ገና ጠዋት ነው ካለ ትኬቱ ገና አልተጀመረም። የከሰዓቱን ትኬት ይዘህ ጠዋት መናኸሪያ እንደመሄድ ማለት ነው፣ ትኬቱ ትክክለኛ ነው ግን አያሳፍሩህም። ስልክ ላይ የሚመጣው በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረው ባለ 6 አሃዝ ኮድም የስልኩ ሰዓት ከተዛባ እንደዚሁ እምቢ የሚለው በዚህ ነው አለችኝ።

የሰዓት ቀጠናው ናይሮቢ የሚለው ላይ መሆኑን አየች (ዊንዶውስ ላይ አዲስ አበባ የሚል የለም፣ እኛ ናይሮቢ ስር ነን)፣ አውቶማቲኩን መለሰች፣ ሰዓቱ ዘሎ 2፡20 ፒኤም ሆነ። ጌሙን ከፈትነው። አርማው መጣ፣ ሙዚቃው ጀመረ፣ ጥቁር ስክሪን። እኔ አንገቴን ደፋሁ፣ እሷ ግን «ተቀየረ እኮ!» ብላ ደስ አላት። እውነትም ጽሑፉ ሌላ ነው፣ ባለቤትነትህን ማረጋገጥ አልተቻለም ቆይተህ ሞክር ይላል። «ቅድም አልገዛህም ነበር ያለህ፣ አሁን ግን ጠይቄ መልስ አላገኘሁም ነው የሚልህ» አለችኝ።

ይቺን ልዩነት ማንም አልነገረኝም ነበር፣ ለኔ ከሁሉም ያስገረመኝ እሷ ናት። የካምፓስ በር ላይ ያለ ጥበቃ አስቡ። አይዲህን ረስተህ መጣህ፣ ጥበቃው ሬጅስትራር ደውሎ ይጠይቅልህ ዘንድ ለመንከው፣ ስልኩ አይሰራም። ጥሩ ጥበቃ «ስልኩ እምቢ አለኝ ትንሽ ጠብቅ» ይልሃል። የሰለቸው ጥበቃ ደሞ «ስምህ የለም» ብሎ ይገላገልሃል። ጌሞችም እንደዛው ናቸው፣ ጠይቆ «የለውም» ተባለና መጠየቅ አቃተው በጣም የተለያየ ነገር ነው፣ አንዳንዶቹ ግን ለሁለቱም አንድ ጽሑፍ ነው ያላቸው፣ ከስሩም «ግዛ» የሚል በተን።

ስለዚህ የቀረው ለምን መጠየቅ እንዳቃተው ማወቅ ነው። መጀመሪያ ኔትዎርኩን ጠረጠረች፣ ከጥገና ቤቱ ዋይፋይ አውጥታ በስልኳ ሆትስፖት ሞከረች፣ ያው ነው። ከዛ ጌሙን ዴስክቶፕ ላይ ካለው አይከን ሳይሆን ከላይብረሪው ውስጥ አስከፈተችኝ፣ በአይከኑ በቀጥታ ስትገባ አንዳንዱ ጌም ትኬቱን ሳይዝ ይነሳል። ራን አዝ አድሚኒስትሬተር የሚለው ተመርጦ እንደሆነም አየች፣ ጌሙ በአድሚን ተነስቶ ሱቁ በተራ ዩዘር ከተነሳ አይተዋወቁም። እሱም ልክ ነበር። አካውንት ስታስከፍተኝ ደሞ ኪቦርዱን ወደኔ አዙራ ፊቷን ወደ ፎቶ ኮፒው መለሰች። ያንን ፕላስተር አስታወስኩ።

ከዛ ኖትፓድ ከፍታ አንድ ቦታ ገባች፣ ዊንዶውስ ውስጥ፣ ሲስተም 32፣ ድራይቨርስ፣ ኢቲሲ፣ እዛ ውስጥ ሆስትስ የምትባል ፋይል። ይቺ ፋይል እንደ ቤት የስልክ ማስታወሻ ናት፣ ኮምፒውተሩ አንድ አድራሻ ከውጭ ከመጠየቁ በፊት እሷን ነው የሚያየው። ንጹህ ከሆነች ሁሉም መስመር በመሰላል ምልክት (#) ነው የሚጀምረው፣ ያ ማለት ማብራሪያ ነው ምንም አይሰራም። የኔ ግን ከታች 14 መስመር አላት፣ ሁሉም በ127.0.0.1 የሚጀምሩ፣ 127.0.0.1 ማለት ራስህ ኮምፒውተሩ ማለት ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያሉት አድራሻዎች ደሞ የዛው የጌሙ ድርጅት ሰርቨሮች ናቸው። ማለት ጌሙ «ይሄ ልጅ ገዝቷል ወይ?» ብሎ ሲደውል ስልኩ የሚጠራው እዛው የኔው ቤት ውስጥ ነው፣ ማንም አያነሳም።

ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። «ክራክ ትጫወት ነበር አይደል?»

ሐጂ ቆመዋል። ተማሪዎቹ ቆመዋል። ምን ልበል። ክራክ ማለት ሳትከፍል እንድትጫወት መቆለፊያው የተሰበረ ጌም ነው ለማታውቁ። ከሁለት ዓመት በፊት ጓደኛዬ በፍላሽ የዛኑ ድርጅት የድሮ ጌም ሰጥቶኝ ነበር፣ ፎልደሩ ውስጥ አንቲቫይረስህን አጥፋና ይሄን በአድሚን ክፈት የምትል ጽሑፍ ነበረች፣ እንዳለችው አደረግኩ፣ ጌሙንም ጨርሼ ካጠፋሁት ቆየ። ክራኩ ግን የድርጅቱን ሰርቨሮች ዘግቶ የሄደው ጌሙ እንዳይጋለጥ ነው፣ ጌሙ ሲጠፋ መዝጊያው አልጠፋም። ሱቁ የሌላ ድርጅት ስለሆነ አልተዘጋም፣ ለዛ ነው ላይብረሪው የሚታየው፣ 60 ጊጋውም የወረደው። የተዘጋው ባለቤትነት የሚጠየቅበት በር ብቻ ነው። ሰፖርቱን ስሰድብ የከረምኩት እኔ፣ በሩን የቆለፍኩት እኔ።

አሁን ደሞ የፋይሏን ቀን አየች፣ መጨረሻ የተነካችው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። «ይሄ ላፕቶፕ በቅርብ ፎርማት ተደርጓል ያልከኝ መሰለኝ?» አለችኝ። ፎርማት ቢደረግ ይቺ ፋይል አዲስ ትሆን ነበር። ለካ 500 ብሬን የበላኝ ሰውዬ ፋይሎቼን «ያተረፈልኝ» ስላልነካቸው ነው። የሳቀው ብዛት! ሐጂ ብቻ «ላ ሐውለ» ብለው ወደ ማሽናቸው ተመለሱ።

መስመሮቹን አጥፍታ ሴቭ ልታደርግ ስትል አይቻልም አላት፣ ኖትፓዱ በአድሚን ካልተከፈተ ይቺን ፋይል ማሻሻል አይቻልም፣ ስለዚህ ቤት የምትሞክሩ ኖትፓድ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ራን አዝ አድሚኒስትሬተር ብላችሁ ነው የምትከፍቱት። አንቲቫይረሱ ውስጥ ደሞ ያኔ ለክራኩ ብዬ «ይሄን ፎልደር አትፈትሽ» ያልኩት አሁንም እንዳለ ነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በሬ ክፍት ነበር፣ እሱንም ዘጋችው። ከዛ ለማንኛውም ብላ የጌሙን ፋይሎች ከሱቁ ጋር አስመሳከረች፣ ላይብረሪው ላይ ጌሙን ራይት ክሊክ ስታደርጉ ፕሮፐርቲስ ምናምን ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ ጎድሎ ወይ ተቀይሮ የተገኘውን ፋይል ብቻ ነው እንደገና የሚያወርደው፣ 60ውን ጊጋ አይደለም። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ለሃያ ደቂቃዋ ቡና መጣ፣ ከጎን ጀበና ጥዳ ከምትሸጠው ሴትዮ፣ ሐጂ ናቸው የከፈሉት።

በመሃል «ገዝቼው እኮ ነው፣ ለምን ሁልጊዜ ይጠይቀኛል?» ብዬ አነሳሁ። «የገዛኸው ፈቃድ ነው እንጂ ጌሙን አይደለም» አለችኝ። ቤት ሄጄ አነበብኩት፣ እውነቷን ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲጂታል ሱቆች ፈቃድ ብቻ መሆኑን ሳይናገሩ «ግዛ» እንዳይሉ የሚያስገድድ ሕግ በፈረንጅ 2024 ወጥቶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ይሰራል፣ ስቲም የሚባለው የጌም ሱቅም ስትከፍል የምታገኘው ፈቃድ ነው የሚል ማሳሰቢያ ክፍያው ገጽ ላይ አስቀምጧል። ዩቢሶፍት የሚባለው የጌም ድርጅት በ2014 ያወጣውን ዘ ክሩ የሚባለውን የመኪና ጌም በማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን ዘጋው፣ ገንዘባቸውን የከፈሉ ሰዎች መጫወት አልቻሉም፣ ከዛ ነው ስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ የሚባለው ንቅናቄ የተነሳው፣ አውሮፓ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሰብስቧል። እነሱ በሩ በእውነት ተዘግቶባቸው ነው፣ የኔ ግን ራሴ የዘጋሁት።

ጌሙ ተነሳ። አርማው፣ ሙዚቃው፣ እኔ ጥቁሩን ስክሪን እየጠበቅኩ ነው፣ ሳይመጣ ቀረ። ስም ምረጥ አለኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ ብል ትስቁብኛላችሁ። ሐጂ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው መጥተው አዩና «ይሄ ነው ሦስት ሳምንት ያስለቀሰህ?» አሉኝ። አዎ ሐጂ ይሄ ነው።

ልሄድ ስል አላስወጣችኝም። ቻርጀሩን ከግድግዳ ነቀለችው፣ ላፕቶፑ ቀጥ አለ፣ መልሳ ሰካችው፣ ሲነሳ ቀኑ ድሮ ሄዷል። «ይኸው፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ወንድምህ ሊያስተካክልልህ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ክዳኑን ከፍታ የሳንቲሟን ባትሪ ቀየረች። ብዙ ላፕቶፕ ውስጥ ያለችው ሽቦ ያላት ናት፣ የኔም እንደዛው፣ ሱቅ ላይ ያለችውን ዝም ብሎ ገዝቶ መክተት አይቻልም፣ እሷም ከሌላ ከተበላሸ ላፕቶፕ ላይ ፈትታ ነው የገጠመችልኝ። 250 ለስራው 150 ለባትሪዋ፣ በቴሌብር ከፈልኩ።

አሁን አንዷን ኮከብ። ባትሪዋ አዲስ አይደለችም፣ ስንት ወር እንደምትቆይ ስጠይቃት «እሷም አላህ ነው የሚያውቀው» ነው ያለችኝ፣ ቢያንስ ቀድማ ብትነግረኝ። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ስልክ ደውለህ ተራ መያዝ አይቻልም፣ የተማሪ ሰሞን ከሄድክ ግማሽ ቀንህን ይዘህ ሂድ። ላፕቶፖቹን ወለል ላይ ነው የሚደረድሩት፣ የሰው ጫማ ደሞ ጭቃ ይዞ ነው የሚገባው፣ በኛ ከተማ ዝናብ መደርደሪያ መግዛት ነበረባቸው። ፕሌስቴሽን አይነኩም፣ ጠይቄያቸዋለሁ። እሷ ከሌለች ደሞ ሐጂን ብትጠይቋቸው «ነገ ና» ነው መልሱ።

ግን እንደኔ አይነት ችግር ካለባችሁ 400 ብር ከማውጣታችሁ በፊት ቤታችሁ ሆናችሁ ሰዓቱን እዩ፣ ኤኤም ፒኤሙን ጭምር፣ ከዛ በየትኛው አካውንት እንደገባችሁ እዩ፣ ምክንያቱም ሱቁ ላይ አንድ አካውንት ጌሙ ድርጅት ጋ ሌላ አካውንት ይኖራችሁና የድሮው ከድሮው ጋር ተገናኝቶ ይቀራል፣ ሱቁን ከታስክባሩ ጥግ ካለው አይከን ሙሉ በሙሉ አስወጥታችሁ ክፈቱት፣ ኤክሷን መጫን ብቻ አይዘጋውም። ክራክ ነክታችሁ የምታውቁ ከሆነ (አውቃለሁ ነክታችኋል) ያቺን ሆስትስ ፋይል እዩ። ጽሑፉ ከተቀየረ ደሞ ተስፋ አትቁረጡ፣ ፎቶ አንሱት፣ የትኛው መልዕክት በየትኛው ሰዓት እንደመጣ ካሳያችኋት ልጅቷ ስራዋ ግማሽ ይሆናል። በእጃችሁ ፓስወርድ ወረቀት ላይ አትጻፉ፣ ለማንም።

ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ መጣ። ላፕቶፑ ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት ጥጉን ነው፣ 7፡40 ፒኤም። ግድግዳው ላይ አንድ ሰዓት ከአርባ። ወንድሜ ሁለቱን እያየ መጣና «ተበላሽቷል ላስተካክለው?» አለኝ። እንዳትነካው አልኩት።